ጨዉ በየት በኩል ነው?

እናቴን ደም ግፊቷን ለማስለካት ጨፋ ሮቢት ጤና ጣቢያ የወሰድኳት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እኔ የምኖረው ከሚሴ ነው፤ እዚያው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እናቴ ግን ጨፋን ለቅቃ መምጣት አትፈልግም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደሷ የምሄደው እኔ ነኝ።

ወረፋው ረጅም ነበር። ወረፋ ደግሞ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ክፍል ውስጥም ከሰሌዳው እስከ በሩ እየተመላለስኩ ነው የማስተምረው። እናቴ «ኧረ በአላህ እረፊ፣ ሰውን አዞርሽው እኮ» ትለኛለች፤ እኔ ትንሽ ቁጭ እልና መልሼ እነሳለሁ። እንዲህ ኮሪደሩ ላይ ስንጎራደድ ነው አንዲት ሕፃን የታቀፈች ወጣት «ቲቸር!» ብላ ከአግዳሚው የተነሳችው።

ወዲያው አወቅኳት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተምሬያታለሁ፤ ካስተማርኳቸው ሁሉ ባዮሎጂ እንደሷ የሚሆንለት ተማሪ ብዙ አላየሁም። ጥያቄ ስጠይቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው የሷ እጅ ነበር። አሥረኛን ጨርሳ፣ አግብታ ጨፋ እንደገባች ሰምቻለሁ። ሰላምታችን ግን አልረዘመም። ዓይኔ የታቀፈችው ልጅ ላይ ቀረ። የልጁ ዓይኖች ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ተቅማጥ ነው ቲቸር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።»

«የሚጠጣ ነገር ምን እየሰጠሽው ነው?»

«ምንም። ውሃ ከጠጣ ይብስበታል ብለው አማቴ ከለከሉኝ። እኔም ፈራሁ፤ ጡቱንም ቀነስኩበት።»

ክንዷን ይዤ፣ ወረፋውን ጥሼ ነርሷ ዘንድ አስገባኋት። ማንም አልተቆጣኝም፤ ሕፃኑን ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ነርሷ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቆዳው ተጨማዶ ቀረ እንጂ ቶሎ አልተመለሰም። ወዲያው የተቅማጥ ማከሚያውን ዱቄት፣ ኦ አር ኤስ፣ በውሃ በጠበጠችና በማንኪያ በማንኪያ ታጠጣው ጀመር፤ ከዚያ ማንኪያውን ለእናቱ ሰጠቻት። የኔ እናት ታክማ ብትወጣም ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። የዙህር አዛን ተብሎ፣ ሰዉ ሰግዶ ተመልሶ፣ እኛ እዚያው ነበርን። ከቀትር በኋላ ልጁ ሸና። ቀጥሎ ጡት ፈልጎ ሲያለቅስ ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ። «አልሐምዱሊላህ» አለች ነርሷ፤ ያኔ ሁላችንም ተነፈስን።

የጠየቅኳት ያን ጊዜ ነው። ለመውቀስ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

«ኦስሞሲስ ትዝ ይልሻል?»

ፊቷ በራ። ልጇን እንዳጠባች፣ አንዲት ቃል ሳትስት፣ ውሃ በሴል ስስ ሽፋን አልፎ እንዴት እንደሚሄድ የሚናገረውን ትርጉም በእንግሊዝኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወረደችው። ቀጥላም ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጣ ምን እንደሚሆን፣ የጠፋውም እንዴት መተካት እንዳለበት ነገረችኝ። ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ የሰጠኋት መልስ ነበር።

«ታዲያ?» አልኳት ወደ ልጁ እያየሁ።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ያ እኮ ትምህርት ነው፣ ቲቸር።»

በክፋት አልነበረም፤ በድፍረትም አልነበረም። በጣም ግልጽ የሆነ ነገር የረሳሁ መስሏት ልታስታውሰኝ ነው የሞከረችው።

ወደ ከሚሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የማደርገው ጠፋኝ። ረዳቱ ከኋላ ተቀመጪ ሲለኝ ከኋላ፣ ወደፊት ተጠጊ ሲለኝ ወደፊት እሄዳለሁ፤ ሐሳቤ ግን ከዚያች ቃል አልወጣ አለ። ያ እኮ ትምህርት ነው። ይሄኛው ደግሞ ኑሮ ነው ማለቷ ነው። በሁለቱ መሀል ያለውን ግድግዳ ማን እንደገነባው እያሰብኩ ከመውረጃዬ አለፍኩና በባጃጅ ተመለስኩ።

እንዳጋጣሚ ያን ሰሞን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ሴል የሚናገረውን ምዕራፍ እየጨረሱ ነበር። ሰኞ ክፍል ገብቼ አስተማርኩ፤ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ግን «ደብተራችሁን ዝጉ» አልኳቸው። ዘጉ። «እስቲ ንገሩኝ፤ ዛሬ የተማርነው ነገር እናንተ ቤት ውስጥ የት አለ?»

ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ከውጭ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ መኪናዎች ይሰማሉ። ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ቀልደኛ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ታዲያ ለምንድነው ደብተር የዘጋነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከፊት ያለች አንዷ ልታድነኝ ፈልጋ ብድግ አለችና «ለአገር ዕድገት ይጠቅማል» አለች። ትልልቅ ሰዎች ደስ የሚላቸው መልስ ይህ እንደሆነ ለምዳለች። ደወሉ ተደወለ፤ ወጡ።

በማግስቱም ሞከርኩ፤ በሦስተኛውም ቀን። ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ያንኑ የመጽሐፍ ቃል ይመልሱልኛል። ወሬው የትምህርት ክፍላችን ተጠሪ ጆሮ ደረሰ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሌላው ክፍል አንቺን ቀድሞሻል አሉ።»

«አዎ ጋሼ። ትንሽ እያወራን ነው። የተማሩትን ከኑሯቸው ጋር እንዲያገናኙት ብዬ ነው።»

«ጥሩ ነገር ነው። ግን የሚፈተኑት መጽሐፉን ነው። ይሸምድዱና ይለፉ፤ ካለፉ በኋላ ይገባቸዋል። እኛስ እንዴት ተማርን?»

«ላይገባቸውም ይችላል እኮ ጋሼ።»

«ያንቺ አሥር ደቂቃ ነው ታዲያ የሚያስገባቸው?»

የጨፋውን ሕፃን ላነሳባቸው አስቤ ተውኩት። ቆሜ ስንቆራጠጥ አዩኝና «ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ተማሪዎቼ ብዙዎቹ እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ የተማሩ ናቸው። ዘጠነኛ ሲገቡ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛውን አነብና በአማርኛ አብራራለሁ። ቤታቸው ሲገቡ የሚያወሩት ወይ ኦሮምኛ ነው፣ ወይ እንደ እናቴ ሁለቱን እየቀላቀሉ ነው። «ቤታችሁ ውስጥ የት አለ?» እላቸዋለሁ፤ ጥያቄውን ግን የምጠይቀው እቤታቸው በማይገባ ቋንቋ ነው። ይህ የታየኝ ሰሌዳ እያጠፋሁ ሳለ ነው። ዞርኩና «በፈለጋችሁት ቋንቋ መልሱ» አልኳቸው። «በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ ቀላቅላችሁም። ኦሮምኛው የኔም ነው።»

ትንሽ ተንሾካሾኩ። ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ብድግ አለች። ባቲ ነው የተወለደችው፤ ከሚሴ አክስቷ ዘንድ እየኖረች ነው የምትማረው። ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነበር።

«አባቴ የቆዳ ነጋዴ ነው» አለች፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። «ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ቆዳና ሌጦ ይገዛል። እቤት አምጥተን ጨው እንነሰንስበታለን። ያደረ ቆዳ ላይ ብትሄዱ ከሥሩ ውሃ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ማንም ውሃ አላፈሰሰም። ሶጊዲ ቢሻን ሀርኪሳ።» ጨው ውሃ ይስባል ማለቷ ነው። «ውሃው ስለወጣ ቆዳው አይሸትም። እኔ ሁልጊዜ የምጠላው ሥራ ነበር። ኦስሞሲስ መሆኑን ግን አሁን ነው ያወቅኩት።»

ክፍሉ ተነቃነቀ። አንዱ የጨው ቋንጣ አለ፤ ሌላዋ እናቷ ሰላጣ ላይ ጨው ስታበዛ ሳህኑ ውሃ እንደሚያቋጥር ተናገረች። ሁሉም በአንዴ ያወራል። ደስታዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። ፈጠን ብዬ «ልክ ናችሁ! ለዚህ እኮ ነው ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ጨውና ስኳር ያለበት ኦ አር ኤስ የሚሰጠው» አልኳቸው።

ያ ቀልደኛ ልጅ ከኋላ ተነሳ። አሁን ግን አልቀለደም።

«ቲቸር፣ አልገባኝም። ጨው ከቆዳው ውሃ ያወጣል ካልን፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውስጥ ጨው ስንጨምር ይብሱን አያደርቀውም?»

ኦ አር ኤስ እንደሚጠቅም አውቃለሁ፤ ለምን እንደሚጠቅም አስተምሬያለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ተክለውብኛል።

«አላውቅም» አልኩ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። እናንተም አስቡበት፤ እኔም አስብበታለሁ።»

የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እስኪደርስ ዕረፍት አጣሁ። ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ከቁም ሣጥን ላይ የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍቴን አውርጄ፣ አቧራቸውን ሳላራግፍ፣ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ምድጃው ላይ የጣድኩት ምስር አረረ። መልሱ የተገኘው በዚያ ሽታ መሀል ነው፤ አንጀት ላይ ስኳርና ጨው አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ግድግዳውን አልፈው ወደ ደም የሚገቡት። ካነበብኩት በኋላ ልጆቹ ጋ እስክደርስ ቸኮልኩ።

ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። «ይሄ የአንጀት ግድግዳ ነው። በዚህ በኩል ሆድ፣ በዚያ በኩል ደም» አልኩ። ማብራራት ልጀምር ስል የባቲዋ ልጅ ሳልጠራት ወደ ሰሌዳው መጣች። ጠመኔውን ከእጄ ተቀበለችና መስመሩን እያየች ቆመች።

«ቲቸር፣ ጨዉ በየት በኩል ነው?»

«እንዴት?»

«ቆዳው ላይ ጨዉ ያለው ውጭ ነው። ውሃውም ወደ ውጭ፣ ወደ ጨዉ ሄደ። እዚህስ ጨዉ የት ነው የሚደርሰው?»

የማውቀውን ዋጥ አደረግኩ። ከኋላ ያ ልጅ «ከሆድ ወደ ደም ከገባማ ውሃውም ተከትሎት ይገባላ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ሆድ ውስጥ ከቀረ ግን ውሃውን ወደ ሆድ ይጎትተዋል» አለ። ተከራከሩ። አንዷ «ሕጉ አንድ ነው ማለት ነው፤ ውሃው ጨዉ ወዳለበት ነው የሚሄደው» አለች። የኔ ድርሻ የስኳሩን ነገር መንገር ብቻ ሆነ፤ ስኳሩ ለጨዉ የግድግዳውን በር እንደሚከፍትለት ነገርኳቸው። ለዚህ ነው የጨዉና የስኳሩ ልክ የሚያስፈልገው፤ ጨዉ ከበዛ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ ሕፃኑን እንደ ቆዳው ያደርቀዋል። ይህን ሲሰሙ ማንም አልሳቀም።

«ስለዚህ» አለ ያ ልጅ፣ «ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ውሃ የሚከለክሉ ሰዎች...»

አልጨረሰውም። የባቲዋ ልጅ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በበሩ ወጣች። ሽንት ቤት የሄደች መስሎኝ ነበር። ደወሉ ሲደወል ግን ቦርሳዋ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። በማግስቱ አልመጣችም። ከዚያም ቀጥሎ ባለው ቀን አልመጣችም።

ጋሼ «ምን ብለሻት ነው?» አሉኝ። «ትምህርት እንዲህ ልብ ድረስ ከገባ እኮ ሌላ ጣጣ አለው።» ስለ ልጅቷ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ግን ንግግራቸው አስፈራኝ። ቦርሳዋን አንጠልጥዬ የአክስቷን ቤት ጠይቄ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበች አገኘኋት። አክስቷ ገበያ ሄደዋል። በርጩማ አወጣችልኝ፤ ልቀመጥ ሞክሬ ተነሳሁ። እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ሳታየኝ ተናገረች።

«አምና ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ገና መራመድ እየጀመረ ነበር። ተቅማጥ ነው የያዘው።»

ገባኝ። ሁሉም ነገር ገባኝ።

«ውሃ ሲለምን ነበር፣ ቲቸር። ኩባያ ባየ ቁጥር እጁን ይዘረጋል። እናቴ እያለቀሰች ትደብቅበታለች። ለሱ ብላ ነው። ኩባያዎቹን ከመደርደሪያ አንስቼ ከአልጋ ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

አላህ የወሰነው ነው ልላት ፈለግኩ፤ እሷ ያን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። አላወቃችሁም ነበር ልላት ፈለግኩ፤ አሁን ያወቀችው ደግሞ በኔ ነው። ከልብስ ማስጫው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ልብስ ማስጫው እመላለሳለሁ። በመጨረሻ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና ከሳፋው አንድ ሸሚዝ አውጥቼ አብሬያት ማሸት ጀመርኩ።

«ያን ቀን ባልጠይቃችሁ ይሻል ነበር?» አልኳት።

የያዘችውን ልብስ ጨመቀች። «አላውቅም። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። የቆዳውን ስናገር ሁሉም ሲሰማኝ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እናቴ እንዳትሰማ ብቻ፣ ቲቸር። ወላሂ ትሞትብኛለች።»

«ከኔ አይወጣም» አልኳት።

ትምህርት ቤት የተመለሰችው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ለማንም ምንም አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ያ ቀልደኛ ልጅ ብቻ የሆነ ነገር ሳይገባው አልቀረም፤ እሷ የቀረችበትን የሒሳብ ትምህርት የጻፈበትን ደብተሩን አምጥቶ ዴስኳ ላይ አስቀመጠላት። ለእኔ ግን ሥራው ከባድ ሆነ። መጠየቁን ልተወው አሰብኩ። አንድ ሁለት ቀን ተውኩትም፤ አስተምሬ፣ አስጽፌ ወጣሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ክፍሉ ራሱ ደብተሩን ዘግቶ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። «ቲቸር፣ ዛሬ አንነጋገርም?» አሉኝ። ስለዚህ ቀጠልኩ። ያለፈኝን ምዕራፍ ለማካካስ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ማስተማር ግድ ሆነብኝ፤ እናቴ ዘንድ የምሄደው ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ እሷም «ደግሞ ምን አመጣሽ» እያለች አኮረፈች።

የሴሚስተሩ ፈተና ውጤት ሲወጣ ክፍሌ ከሌላው ክፍል አልበለጠም። ጋሼ ውጤቱን አይተው «አላልኩሽም?» አላሉኝም፤ ዝም ብለው ሻይ ጋበዙኝ። ግን ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው «ለመሆኑ ያ የጨዉ ነገር እንዴት ነበር?» አሉኝ። ቆመን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ከግማሽ ዓመቱ ዕረፍት መልስ የባቲዋ ልጅ ግቢው ውስጥ አገኘችኝ። እቤቷ ከርማ ነው የመጣችው፤ ፊቷ በባቲ ፀሐይ ጠቁሯል።

«ቲቸር፣ የጎረቤታችን ልጅ ታሞ ነበር» አለችኝ። «እናቱ ተሸክማው እኛ ቤት መጣች። እናቴ ውሃ አትስጪው ልትላት ስትል ቀደምኳት። ሮጬ ከመድኃኒት ቤት ኦ አር ኤስ ገዛሁ፤ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው በጠበጥኩና በማንኪያ ሰጠሁት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ዳነ።»

«እናትሽስ?»

«ቆማ ታየኝ ነበር። ሲያልቅ ‹ይሄን መቼ ነው ያወቅሽው?› አለችኝ። በቅርቡ ነው፣ ዘንድሮ ነው የተማርነው አልኳት።» ድምጿ ቀነሰ። «ወደ ጓሮ ወጥታ ብዙ ቆየች። አሁን ሰፈር ውስጥ ልጅ ታመመ ሲባል ራሷ እየሄደች ነው ውሃ አትከልክሉ የምትላቸው። ስትናገር ግን ዓይኔን አታየኝም።»

«ገብቷታል ማለት ነው?»

«እኔ አልነገርኳትም፣ ቲቸር። እሷም አልጠየቀችኝም።»

ደወሉ ተደወለ። ቀድማኝ ክፍል ለመግባት ሻሿን እያስተካከለች ሮጠች። ክፍላችን ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ስወጣ ተማሪዎቼ ወንበር እየጎተቱ ሲጮሁ ይሰማኛል። የዚያን ቀን ትምህርት ስለ ደም ነበር። ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው፣ ጥያቄዬም ማን ልብ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚነካ እያሰብኩ በሩን ከፈትኩ።